ማሞን ማስነሣት፦ የአንድ መጫወቻ እንፋሎት ሮሎ ማስታወሻ

መስከረም 24

እዚህ በርሚንግሃም እሁድ እሁድ ጠዋት ሜዳ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ የኋላ በሩን ከፍቶ የቤቱን ኮተት የሚሸጥ ሰው ብዙ ነው። ሚስቴ "የፈረንጅ ጉሊት" ትለዋለች። እኔ የምሄደው ለመፍቻ ነው። የድሮ የእንግሊዝ መፍቻ ከአዲሱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን ማስረጃ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ግን መፍቻ ሳልገዛ ተመለስኩ። አንዲት አሮጊት ጠረጴዛ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ ከተበላሸ የዳቦ መጥበሻ ጋር የተጋደመ ትንሽ ሮሎ አየሁ። ያው መንገድ የሚደመድመው ሮሎ፣ ግን ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገባ። አረንጓዴ ቀለሙ ተልጧል፣ መዳመጫው ዝጓል፣ ጣራው የለም፣ ቦይለሩ (ውሃ የሚፈላበት ሆዱ) እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል።

"የባለቤቴ ነበር" አለችኝ። 40 ፓውንድ ብላ 25 ላይ ተስማማን። መጥበሻውን በነፃ ልትመርቅልኝ ነበር፣ በግድ አስቀረሁት።

ቤት ገብቼ ሳየው ማሞድ ነው፤ ኤስ አር 1 ኤ የሚባለው ሞዴል። ማሞድ እዚሁ በርሚንግሃም በ1937 (እ.ኤ.አ.) ጄፍሪ ማሊንስ የሚባል ሰው የጀመረው ፋብሪካ ነው። ስሙም "ማሊንስ" እና "ሞዴል" ከሚሉት ቃላት ተቆርጦ የተገጠመ ነው። መጫወቻ ይባል እንጂ የእውነት ነው የሚሠራው፦ ውሃ ትሞላለህ፣ ከሥር እሳት ትለኩሳለህ፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተን ይገፋል፣ ሮሎው ይሄዳል። የእንግሊዝ ልጆች በ60ዎቹና በ70ዎቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እሳት ለኩሰው ይጫወቱበት ነበር። ዛሬ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ብትሰጥ ጎረቤት ይከስሃል።

ልጄ ስሙን አንብቤ ስነግራት የመጨረሻውን "ድ" አልሰማችውም። "ማሞ ነው ስሙ?" አለች። አያቷ በስልክ ስለ ማሞ ቂሎ ብዙ ተርተውላታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሞ ሆኖ ቀረ።

መስከረም 26

ፈታሁት። መጀመሪያ ግን በየማዕዘኑ ፎቶ አነሣሁ። ይህን ያስተማረኝ የቤታችን ማጠቢያ ማሽን ነው፤ እሱን ፈትቼ ስገጥም አራት ቡሎን ተርፎኝ ያውቃል።

አባዬ አዲስ አበባ ጋራዥ ነበረው። እኔም ያደግኩት እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬም እጄ ዕቃውን የሚያውቀው በጋራዥ ስሙ ነው፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፣ ሞላ። ዕቃ መሸጫ ሄጄ "ሞላ" ልል ስል አፌን የያዝኩበት ቀን ብዙ ነው። ጣሊያን እኮ አምስት ዓመት ቆይቶ መሬቱን ለቀቀ፣ ጋራዡን ግን እስካሁን አልለቀቀም።

የማሞ ቡሎኖች ሚሊሜትር አይደሉም። ቢኤ የሚባል የድሮ የእንግሊዝ ልክ ነው። ሳጥኔ ውስጥ ያለው መፍቻ ሁሉ ወይ ይሰፋዋል ወይ አይገባም። በግድ ማዞር የጀመርኩትን አንዱን ዳዶ ጠርዙን በላሁት። ተውኩት፣ የቢኤ መፍቻ አዘዝኩ፣ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። (መፍቻ ልገዛ ሄጄ ሮሎ ገዛሁ፣ አሁን ለሮሎው ብዬ መፍቻ ገዛሁ። ሚስቴ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትለዋለች።)

ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል። ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። በፒንሳ ልስበው ፈልጌ እጄን መለስኩ፤ የፒስተኑ ዘንግ የክብሪት እንጨት ያህል ነው። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌው አደርኩ። ጠዋት በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ጥርቅ ብሎ ወጣ። ትዕግሥት በነፃ ነው፣ ሲሊንደር ግን አይደለም።

ጥቅምት 1

የቦይለሩ ሆድ። ሳወዛውዘው እንደ ጽናጽል ይንሻሻል። ውስጡ ማንቆርቆሪያ ላይ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት አለ፣ የተቀረፈውም እየተንከባለለ ነው። የበርሚንግሃም ውሃ ከዌልስ ተራሮች፣ ከኤላን ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣ ለስላሳ ውሃ ነው፣ ማንቆርቆሪያችንም ነጭ አያወጣም። ስለዚህ ማሞ ዕድሜውን ሌላ ከተማ ነው የጨረሰው ማለት ነው። እንዲህ በውሃው አገሩን ማወቅ ደስ ይላል።

ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጬ ሞላሁበት። ፈላ፣ አረፋ ደፈቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስደፋው የእርጎ አጓት የመሰለ ውሃ ወጣ። ሁለተኛ ጊዜ ሞላሁና ስልክ ተደወለልኝ፣ ረሳሁት፣ አደረ። ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው። አሲድ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ከላዩ ላይ ዚንኩ ይበላና መዳቡ ይቀራል። ጠዋት አሲዱ ፈሶ የነካው የቦይለሩ ጎን እንደ አሳማ ጆሮ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ደግነቱ የላይ ላዩን ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 1000 ለቀቀ። እናንተ ግን ሰዓት ሙሉ።

ጥቅምት 3

አጭር ማስታወሻ፣ ምክንያቱም አፍሬያለሁ። ቀለም ለማስለቀቅ ኮስቲክ ሶዳ በጠበጥኩና የላሜራውን ክፍል ከተትኩበት። እንደ ሙዝ ልጣጭ ለቀቀ። ደስ ብሎኝ ቮላኖውንም (ሞተሩ የሚያሽከረክረውን ከባድ ጎማ) ጨመርኩት። ቮላኖው ግን ብረት አይደለም፣ በዚንክ የተሠራ ቅይጥ ቀልጦ የተቀዳ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ዚንክ ይበላል። እንደ አምቦ ውሃ ሲንቸከቸክ ሰማሁና በማንኪያ አወጣሁት። የጠርዙ ፊት ተሸርሽሯል። ቀለም ይሸፍነዋል፣ እኔ ግን ሁልጊዜ አየዋለሁ።

ጥቅምት 8

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው።

ቦይለር እሳት ላይ ከመቀመጡ በፊት ይፈተናል። የሚፈተነውም በውሃ ነው፣ በአየር አይደለም። አየር ሲታመቅ እንደ ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቦይለሩ ቢቀደድ ያ ጉልበት ባንዴ ይለቀቅና ነሐሱን ፊትህ ላይ ይበትነዋል። ውሃ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል። ቢቀደድ እንኳ ጭረት ብሎ ይፈሳል፣ በቃ። ስለዚህ አንድም የአየር አረፋ እስካይቀር አዘንብዬ፣ ነካ ነካ አድርጌ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ሁለት ቀዳዳ ደፈንኩ፣ በሦስተኛው በኩል ትንሽ የእጅ ፓምፕና ጌጅ (ግፊት መለኪያ) አሰርኩ። ማሞ የሚሠራው 1 ባር አካባቢ ነው፤ የመኪና ጎማ እንኳ ከዚያ እጥፍ በላይ ይይዛል። እኔ 2 ባር ሰጠሁትና ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩ።

ሻዩን ሳልጨርስ ጌጁ ወደ 1.6 ወረደ። ልቤም አብሮ ወረደ። ስታኞው (መጋጠሚያዎቹን የያዘው ብየዳ) ሄዶ ከሆነ መበየድ ሊመጣ ነው። ሽንት ቤት ወረቀት ቀድጄ በየመጋጠሚያው አስጠጋሁ። አንድ ጋ ብቻ ረጠበ፦ ፊሽካው የሚገባበት። ያረጀች ቀይ የፋይበር ጓርኒሲዮን፣ መጋጠሚያውን የምታትም ቀለበት ናት። ሳነሣት ጣቴ ላይ እንደ ብስኩት ተፈረፈረች። አዲስ ቀየርኩ፣ ደግሜ 2 ባር ሰጠሁት፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ጌጁ ንቅንቅ አላለም።

ሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ እንፋሎቱን የሚለቀውን) ግን ጠግኜ ለመጠቀም አልሞከርኩም። አዲስ ገዛሁ። ውፍረቱ ሩብ ኢንች ሆኖ ጥርሱ በኢንች 26 ነው፣ ይህን ልክ ካወቅክ በቀላሉ ይገኛል። በሌላው ነገር ሁሉ ቆጣቢ ነኝ፣ እዚች ላይ ግን አይደለሁም። እሳቱን እየተንበረከከች የምታየው ልጄ ናት።

ጥቅምት 10

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳብለጨልጭ ዋልኩ። ትራፓኖዬ ላይ የጨርቅ ጎማ ገጥሜ፣ ማጽጃ ቀብቼ፣ ነሐሱን ሁሉ መስታወት አደረግኩት። ቦይለሩን፣ ሲሊንደሩን፣ ሲሊንደሩ የሚደገፍበትን ሳህን፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ጺሜን እያየሁበት መላጨት እችላለሁ።

ማታ ገጣጠምኩና የአየር ቱቦ ሰካሁበት። አነስተኛ የኮምፕሬሰር ግፊት፣ ግማሽ ባር ገደማ። ቮላኖውን በጣቴ ገፋ አደረግኩ፤ ቸክ ቸክ ቸክ ብሎ ተነሣ! እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሄዳል። ቪዲዮ ቀርጬ ለአባዬ ላክሁ፣ ለወንድሜ ላክሁ፣ ለማይመለከተው ሰው ሁሉ ላክሁ። ሚስቴ እንኳ ከኩሽና መጥታ አየችው። "ጨረስክ ማለት ነው?" አለች። ጨረስኩ አልኩ።

ጥቅምት 17

አልጨረስኩም።

በመጀመሪያ የእሳቱ ጉዳይ። የድሮዎቹ ማሞዶች የሚነዱት በስፒሪት ነበር፣ በ70ዎቹ መጨረሻ ግን እንደ ስኳር እንክብል ነጭ ሆነው ወደሚነዱ ደረቅ የነዳጅ ፍሬዎች ተቀየሩ። የፍሬዎቹ ንጥረ ነገር ሄክሳሚን ይባላል። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ብሪታንያ ውስጥ ግለሰብ ያለ ፈቃድ መግዛትም መያዝም አይችልም፣ ፈንጂ ለመሥራት ሊውል ይችላል ተብሎ። ለመጫወቻ ሮሎ ብዬ የፈንጂ ፈቃድ ቅጽ ልሞላ? ስሜን አይተው፣ የትውልድ ቦታዬን አይተው፣ "ዓላማ" የሚለው ላይ "ማሞን ለማስነሣት" ብዬ ጽፌ? ይቅርብኝ።

ስለዚህ ወደ ስፒሪት ተመለስኩ። ከላሜራ ትንሽ ሳጥን አጥፌ፣ ጥጉን በየድኩት፣ ውስጡን በመስታወት ክር ሞልቼ ከላዩ የሽቦ ወንፊት ከደንኩበት። ክሩ ስፒሪቱን ይመጥጣል፣ ስለዚህ ሮሎው ቢያዘነብል እንኳ አይፈስም። እዚህ አገር ስፒሪት ሰው እንዳይጠጣው ወይን ጠጅ ቀለም ተጨምሮበት ነው የሚሸጠው። ቀለሙ ጠርሙሱ ውስጥ ነው እንጂ እሳቱ ላይ የለም። በቀን ብርሃን ነበልባሉ ፈጽሞ አይታይም ማለት ይቻላል። አልያዘም ብዬ እጄን ሰደድኩ። የተለበለበ ዶሮ ሸተተኝ፤ የእጄ ጸጉር ነው። ከዚህ በኋላ ጥላ ባለበት ቦታ ብቻ ነው የምለኩሰው።

ከአጠገባችን ያሉት ሽማግሌ እንግሊዛዊ በአጥር በኩል አዩኝና መጡ። ልጅ ሆነው እንዲህ ያለ ነበራቸው። ያመጡልኝ ምክር ወርቅ ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ አትሙላ፣ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ሙላ። እሳቱ ትንሽ ስለሆነ ግማሽ ዕድሜው ውሃ በማሞቅ ያልቃል። ሦስት አራተኛ ሞላሁ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እንፋሎቱ ውሃ ይዞ ይወጣል። ለኮስኩ። አምስት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ። ቦይለሩ ማንሾካሾክ ጀመረ። ፊሽካውን ነካሁት፣ ፉጨት! ልጄ ጮኸች። ቮላኖውን ገፋሁ።

ጲጥ፣ ጲጥ፣ ትፍ። ሙቅ ውሃ ተፋብኝ። ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ መጀመሪያ የገባው እንፋሎት ውስጡ ውሃ ይሆናል፣ ይህ ያለ ነው። በእጄ እያዞርኩ ውሃውን አስወጣሁ፣ ሲሊንደሩ ሞቀ፣ ደግሜ ገፋሁ። ሦስት ዙር ዞሮ ቆመ። ገፋሁ፣ አራት ዙር። ጭስ ማውጫው ሥር ሁሉ ነጭ እንፋሎት ነው፣ ማሞ ራሱ አይታይም፣ እንደ ፍልውሃ። ግን አይሄድም። ስፒሪቱ እስኪያልቅ ድረስ ሃያ ጊዜ ገፋሁት። ሽማግሌው በጨዋነት "ጥሩ ፊሽካ ነው" ብለው ሄዱ።

በአየር እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሄደ ነገር በእንፋሎት ለምን አይሄድም?

ጥቅምት 18

ለአባዬ ቪዲዮ ደወልኩ። ማሞን አዟዙሬ አሳየሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ብዙ ዝም አለ።

"እንዴት ነው የሚተነፍሰው?" አለኝ።

ነገርኩት። የዚህ ሞተር ብልሃቱ ቫልቭ የለውም። ሲሊንደሩ ራሱ በአንድ ፒን ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ሕፃን አልጋ ይወዛወዛል። ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ ፊት አለው፣ ቀዳዳ ያለበት። ከጀርባው ደግሞ የማይንቀሳቀስ የነሐስ ሳህን አለ፣ እሱም ቀዳዳዎች አሉት። ሲሊንደሩ ወዲህ ሲያዘነብል ቀዳዳው ከእንፋሎቱ መግቢያ ጋር ይገጥማል፣ ወዲያ ሲያዘነብል ከመውጫው ጋር። ሁለቱን ፊቶች አጣብቆ የያዛቸው ፒኑ ላይ ያለች አንዲት ሞላ ናት። ጓርኒሲዮን የለም። የሚያትመው የሁለቱ ፊት መግጠም ብቻ ነው።

"እና ፊቱን ምን አደረግከው?"

"አበራሁት። መስታወት ነው፣ እየው።"

"በምን?"

"በጨርቅ ጎማ።"

አባዬ ሣቀ። "አንተ ልጅ፣ ማብራት የሊስትሮ ሥራ ነው። እኔ ጠፍጣፋ ነው ወይ ብዬ ነው የምጠይቅህ።"

ከዚያ ያሠራኝን ልንገራችሁ። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያ ወፍራም ማርከር፣ አምጣ አለኝ። የሲሊንደሩን ፊት ሙሉ ቀባሁት። የመስኮት መስታወት ቁራጭ ላይ ቁጥር 1200 ብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ፣ ውሃ ረጭቼ፣ ፊቱን አስደፍቼ ሳልጫን አምስት ጊዜ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሸሁት። አነሣሁና ለካሜራው አሳየሁት። መሐሉ ላይ ሰማያዊው ተገፎ ነሐሱ ወጥቷል። ዳር ዳሩ ግን ዙሪያውን ሰማያዊው እንዳለ ነው። ማለት ፊቱ እንደ ምጣድ ጀርባ ጎብጧል። የጨርቁ ጎማ ለስላሳ ስለሆነ ጠርዙን አቅፎ ይበላል፤ መሐሉ ይተርፋል፣ ዳሩ ይወድቃል። ለዓይን መስታወት ነው። ለእንፋሎት ግን በሩ ገርበብ ያለ ቤት ነው።

አየሩስ? አየሩን የሚሰጠኝ ኮምፕሬሰር ነው፣ የፈለገውን ያህል ቢያፈስ ከኋላ ይተካል። ማሞ ግን ያለው አንዲት ጣሳ የምታህል ቦይለርና የሻማ ያህል እሳት ነው። የሚያፈሰው ከሚያፈላው ከበለጠ ግፊቱ መቼም አይጠራቀምም። ሳስበው ይህ ጥፋት የአሮጊቷም አይደለም፣ የሟች ባሏም አይደለም። ሃምሳ ዓመት ገደማ ተርፎ የመጣን ፊት እኔ ነኝ በአንድ ከሰዓት ያጎበጥኩት።

አሸሁ። ማርከር፣ አምስት ዙር፣ ማየት። ማርከር፣ አምስት ዙር፣ ማየት። በየጊዜው ሲሊንደሩን ሩብ አዞረዋለሁ፣ እጄ ወደ አንድ ጎን ስለሚጫን። ሰማያዊው ቀለበት እየጠበበ ሄደ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥግ ብቻ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ እምቢ አለች። አባዬ እዚያ መሽቶበት "በቃኝ ልተኛ፣ እሷን ካላጠፋህ እንዳትገጥም" ብሎ ዘጋ። ጠፋች፣ ግን እኩለ ሌሊት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ላይ። ሳህኑንም እንዲሁ አደረግኩ። ሲያልቅ ሁለቱም ፊቶች ደብዛዛ ግራጫ ናቸው። ምንም አያበሩም።

አንድ ፈተና ሰማሁ፣ ሞከርኩት። ሁለቱን ፊት በዘይት ጠብታ አጣብቀህ አንዱን ብቻ ብታነሣ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ተንጠለጠለ።

ጥቅምት 24

ውሃ ከማንቆርቆሪያ። እሳት። ስድስት ደቂቃ። በእጅ ሁለት ሦስት ዙር፣ ውሃውን ተፋ። ለቀቅኩት።

ሄደ። እንደ አየሩ ጊዜ ቸክ ቸክ አይደለም፣ ለስለስ ያለ ነገር ነው፣ ፉፍ ፉፍ ፉፍ፣ የሚተነፍስ ነገር ይመስላል። ስፒሪቱ እስኪያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ሄደ። ሲያልቅም ቦይለሩ ውስጥ ገና ውሃ ነበር። እንዲያ መሆን አለበት፤ እሳቱ ከውሃው ቀድሞ ማለቅ አለበት። ውሃው ቀድሞ ካለቀ ባዶ ቦይለር ይግላል፣ ስታኞው ይለቃል፣ ማሞም ያበቃለታል።

ዘይቱን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ ስስ የስፌት መኪና ዘይት ነበር የምጠቀመው፣ እንፋሎቱ በአንድ ደቂቃ አጥቦ ይወስደዋል። ለእንፋሎት የሚሆነው ዘይት ሌላ ነው፣ ቁጥር 460፣ ሲቀዳ እንደ ማር የሚንቀረፈፍ። ፊቶቹ መካከል ገብቶ ማተሙንም ያግዛል።

ጥቅምት 29

አሁን ወደ መልኩ። እንደ ፋብሪካው አረንጓዴና ቀይ ልቀባው ነበር፣ ቀለሙንም ገዝቼ ነበር። ግን ሳስበው ሳስበው ሰርኪስ መጣብኝ።

በምኒልክ ጊዜ ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነበር፣ ከንጉሡም ጋር ቅርብ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለመንገድ ሥራ የሚሆን የእንፋሎት ሮሎ አዲስ አበባ አስገባ። ምድር ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነዋ። ሕዝቡም ያንን ጢሱን እየተፋ የሚንከባለል ብረት "ሰርኪስ ባቡር" አለው። ሮሎ አላለውም፣ መኪና አላለውም። ባቡር። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ፣ በዐረብ አፍ ዞሮ የመጣ ነውና ሕዝቡ አልተሳሳተም። አያቴም ወፍጮ ቤት ስትልከኝ "ባቡር ቤት ሂድ" ነበር የምትለኝ፣ ወፍጮው በናፍጣ እየሠራ እንኳ። እሳት በልቶ የሚያጓራ ነገር ሁሉ ባቡር ነበር።

ስለዚህ ማሞ ሰርኪስ ባቡርን ይመስላል። የትክክለኛውን ቀለም ልገምት አልሞከርኩም። ጥቁር ግራጫ፣ ነሐሱ እንዳለ፣ መዳመጫው ባዶ ብረት። ለእሳቱ ቤት የምድጃ ቀለም፣ 650 ዲግሪ የሚችል። ለሌላው ተራ ኢናሜል፣ ከሥሩ አንቲ ረስት፣ ቮላኖው ላይ ደግሞ ዚንክ የሚይዝ ልዩ ፕራይመር። ኢናሜሉ እንዲጠነክር ምድጃ ውስጥ በ100 ዲግሪ አንድ ሰዓት አበሰልኩት። በማግስቱ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ቀለም ቀለም አለ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኅዳር 5

የስም ሰሌዳ። ቀጭን የነሐስ ቁራጭ ላይ "ሰርኪስ" ብዬ በፊደላችን ልቀርጽ። ዘዴው ጽሑፉን በሌዘር ፕሪንተር አትመህ፣ ወረቀቱን ነሐሱ ላይ በካውያ ታጣብቀዋለህ፣ ቀለሙ ወደ ነሐሱ ይሻገራል። ከዚያ ጨው ውሃ ውስጥ ከትተህ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስትሰጠው ቀለሙ ያልሸፈነው ይበላል፣ ፊደሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። ሃያ ደቂቃ ውሃው እየቆሸሸ አረንጓዴ ሆነ፣ አወጣሁ፣ በአሴቶን ጠረግኩት። አማረ! "ሰ" ጥርት ብሎ ወጥቷል። ትንሽ ቆይቶ ነው "ኪ"ን ያየሁት። ቅጥያዋ በግራ በኩል ወጥታለች። ገልብጬ ማተም ነበረብኝ። "ሰ" ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ሸወደኝ፣ ያጋለጠችኝ "ኪ" ናት። ከቀኝ ሲነበብ ሰርኪስ ነው፤ እስራኤል ያሉት ዘመዶቼ ቢያዩት አይገርማቸውም ነበር። ነሐሱን ገልብጬ በጀርባው ደገምኩት። ማሞ አሁን ከውስጥ በኩል አንድ የተገለበጠ ስም ተሸክሟል።

ጣራውን ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ሠራሁ። ቆርጬ ዘረጋሁት፣ ሁለት ጥርስ ባላቸው የፕላስቲክ ተሽከርካሪዎች መካከል (ልጄ ወረቀት የምታሽበት መጫወቻ ነው) አሳለፍኩት፣ ሽንሽን ሆኖ ወጣ፣ ልክ እንደ ሰፈራችን ቆርቆሮ። የጣራ ጫፉ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነካ ነካ አደረግኩ። ሚስቴ አየችና "ክረምት ላይ እንደሚያፈስ እርግጠኛ ነኝ" አለች። ከሁሉ የበለጠ ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት።

ኅዳር 14

ጓሮ ላይ፣ የጣውላ ወለል ላይ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ወንበራቸውን ይዘው መጡ። አባዬ በስልክ፣ ስልኩ የአበባ ማሰሮ ላይ ተደግፎ።

ፊሽካ። ከቮላኖው ወደ ኋላ ጎማው ኃይሉን የሚያመጣው ከሞላ የተሠራ ቺንጋ ነው፣ እሱን ጎማው ላይ ጎትቼ አስገባሁና ለቀቅኩት። ሮሎ ያዘግማል ይላሉ፣ ይሄኛው ግን ይሮጣል። ግፊቱን እስክቀንስ ድረስ ጣውላውን በግማሽ ደቂቃ ጨርሶ የልጄን ጫማ ገጨ። መለስኩት፣ የእንፋሎት መስጫውን ዘንግ ወደ መሐል ሳብ አደረግኩ፣ አሁን በቀስታ፣ ጣራው እየተንቀጠቀጠ። ልጄ ከፊቱ የደረቀ ቅጠል እያነጠፈች ነበር፣ እሱ እየደመደመው ያልፋል። ኩርሽ፣ ኩርሽ።

"ዘይት አትንፈገው" አለ አባዬ ከማሰሮው ላይ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ቺንጋው ተበጠሰ፣ ሞላው ተፈናጥሮ ሣር ውስጥ ገባ። ማሞ ባለበት ቆሞ ቮላኖውን በባዶ ማሽከርከር ቀጠለ። ሞላውን እስኪመሽ ፈልገን አላገኘነውም። አዲስ አዝዣለሁ፣ ሁለት። ማክሰኞ ይደርሳል ተብያለሁ።